የተፈታው ሪባን

«እጅህን ወደ ኪስህ መልስ ብዬሃለሁ!» አለች ሎሬይን ፔክ፣ ከሞተሩ ላይ ቀና እንኳ ሳትል።

ኤፊም እጁን መለሰ። ካቻቢቴው ከብሎኑ ላይ ሲንሸራተትባት አይቶ ሳያስበው ነው የዘረጋው። ሃያ ሁለት ዓመት አውሮፕላን በጠገነበት ጋራዥ ውስጥ፣ በገዛ መሣሪያዎቹ መሐል፣ እሷ ወለሉ ላይ ከለጠፈችው ቢጫ ፕላስተር ኋላ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሟል። ሞተሩን በአንዲት ጣት ቢነካ ማስረጃው ዋጋ ያጣል ተብሏል። ይሁን፤ ያ ብሎን ግን መጀመሪያ ጠበቅ ካልተደረገ እንደማይላቀቅ ያውቃል፤ ይህን ላለመናገር ምላሱን ነክሶ ይዟል።

ስቴፓን በሩን ተደግፎ ይስቃል። የሟቹ የዋስካ ታላቅ ወንድም ነው፤ በቤተሰቡ ስም ቆሞ እንዲያይ ተፈቅዶለታል።

«ተዪው ይርዳሽ እንጂ» አለ። «ዋስካን ሲገድለው የትኛውን ብሎን እንዳላላ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«አንተም ዝም በል። ዝም ማለት ካቃተህ ውጪው ሰፊ ነው።»

ሎሬይን ፔክ ከአንኮሬጅ የመጣች የመንግሥት የአደጋ መርማሪ ናት። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሻይ ሲያቀርቡላት እንኳ «አልፈልግም» እንጂ «አመሰግናለሁ» የማትል ሴት። ለማንም አታደላም፤ ሁሉንም እኩል ነው የምትጠላው። ኤፊም በሆዱ ለዚህ ያመሰግናታል፤ በኩልቪክ መንደር እሱን ለይታ ያልጠላች ሰው እሷ ብቻ ናት።

ነገ የዋስካ አርባ ነው። በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ብሩህ ጠዋት፣ ዋስካ ከወንዙ በላይ የሰፈሩ አዳኞችን ሊያመጣ ብቻውን ተነሣ። አውሮፕላኗ ከሜዳው ጫፍ ያሉትን ጥዶች አልፋ ብዙም ሳትርቅ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። መንደሩ በሙሉ ዝምታውን ሰማ። የዋስካ ሚስት ናስታሲያ ዓሣ ከምትሰቅልበት ቆጥ ላይ ሆና አውሮፕላኗ ስትወድቅ አየች። ሰዎች ደርሰው ሲያወጡት ትንፋሹ አልነበረም።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን በፊት የዚያችን አውሮፕላን ካርቡራቶር የከፈተው ኤፊም ነው። የመጋጠሚያውን ጓርኒሽን ቀየረ፤ ለሥራው ሲል የቀኝ ክንፉን የቤንዚን ሰልባትዮ በጄሪካን አራግፎ መልሶ ሞላው። ለኩልቪክ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የኤፊምን ዛፍ ያልቆረጠ አልነበረም። አውሮፕላን ይዞለት የሚመጣ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲቆም ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል። በጋራዡ በር ላይ አንዱ የተቃጠለ ዘይት ደፋበት። ሱቅ ሲገባ ሰው ጨዋታውን ያቋርጣል፤ ሲወጣ ይቀጥላል። እሱ ራሱም ቢሆን ሌሊት ሌሊት ያንን ጓርኒሽን በሐሳቡ እየፈታ ሲገጥም ነበር የከረመው። በትክክል ገጥሞታል። ገጥሞታል ወይ?

«ወጣ» አለች ሎሬይን።

የካርቡራቶሩ ጽዋ በእጇ ላይ ነው። ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ከጽዋው ግርጌ የአውራ ጣት የሚያህል በረዶ ተጋግሯል፤ ነጭ አይደለም፣ የሻይ አተላ የመሰለ ቡኒ ነው። ሴትዮዋ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ እስኪቀልጥ ጠበቀች። ከዚያ ከትንሽ ቱቦ ጥቂት ቅባት በእንጨት ጫፍ ነክራ አስገባችበት። ቅባቱ ወዲያው ደም መሰለ።

«ውሃ ነው» አለች። «ዝገት ያለበት ውሃ።»

«ጓርኒሽኑስ?» አለ ኤፊም።

«ደህና ነው። ሥራህ ላይ እስካሁን ስህተት አላገኘሁም። ግን እንዳትፈነድቅ።»

ስቴፓን ከበሩ ተነቀለ። «ውሃው ታዲያ ከሰማይ ወረደ? ሰልባትዮውን ያራገፈው ማነው? በጄሪካን አስቀምጦ መልሶ የሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ውሃ በማያሳልፍ የቆዳ ማጣሪያ ነው የሞላሁት። ጄሪካኖቼም ፕላስቲክ ናቸው፤ ከየት አምጥተው ይዝጋሉ?»

«ጻፊ!» አለ ስቴፓን ወደ ሴትዮዋ። «የሞላሁት እኔ ነኝ ብሏል፤ ጻፊ!»

ሎሬይን ጓንቷን እያወለቀች ሁለቱንም አየቻቸው። «የዋስካን በርሜሎች ዛሬ ጠዋት አይቻለሁ። ተጋድመው የተቀመጡ፣ ንጹሕ። ከነሱ ይህ ውሃ አይመጣም። ከአንተ በኋላ በዚያ ሰልባትዮ ቤንዚን የጨመረ ሰው አለ?»

ኤፊም አፉን ከፈተና ዘጋው። ስቴፓንም የጣራውን ቆርቆሮ ይቆጥር ጀመር።

«ጥሩ» አለች። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የፖስታው አውሮፕላን ሲመጣ እሄዳለሁ። ሌላ ምንጭ ካልተገኘ የምጽፈው የማውቀውን ነው። ሰልባትዮውን በመጨረሻ የሞላው መካኒኩ ነው፤ አብራሪው ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ከሥር አፍስሶ ውሃ መኖር አለመኖሩን አላየም። ሁለታችሁም ውጡልኝ፤ በሩን አሽጋለሁ።»

ኤፊም ውጪ በረዶው ላይ ቆሞ ጓንቱን ማጥለቅ እንኳ ረሳ። አፉን የዘጋው የሚለው አጥቶ አይደለም። በኩልቪክ ቤንዚን በጀልባ የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ያለቀበት ሰው ጎረቤቱን ሳይቀሰቅስ ከክንፉ ይቀዳል። ሲቀዳ ፕሮፔለሩ ላይ ብርቱካናማ ሪባን ያስራል፤ ሰልባትዮህ ጎድሏል፣ እንዳትነሣ ማለት ነው። ሲመልስ ይፈታዋል። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ማመስገንም ነውር ነው። ይህንንም ለመንግሥት ሰው አይናገሩም፤ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ለፍላፊ ነግሮ ሦስት ሰዎች የመብረር ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል።

ከአደጋው አራት ቀን ቀደም ብሎ ኤፊም ከዋስካ ፕሮፔለር ላይ ሪባን ሲውለበለብ አይቷል። በዋዜማው ሪባኑ አልነበረም። እስከ ዛሬ ነገሩን ከምንም አልቆጠረውም፤ የሚያስፈራው የገዛ እጁ ሥራ ነበርና። አሁን ግን ውሃ ነው ተብሏል፣ ዝገት ያለበት ውሃ።

የናስታሲያ ቤት የሴት ድምፅ ሞልቶታል። ለነገው አርባ የዱር እንጆሪ በስብ ይመታል፣ የአጋዘን ሾርባ ይንተከተካል፣ ሊጥ በዘይት ይጠበሳል። ቄሱ ትናንት ከሎሬይን ፔክ ጋር በአንድ አውሮፕላን ደርሰዋል። ኤፊም ሲያንኳኳ ቤቱ ጸጥ አለ። ናስታሲያ በሩን እጅ በሚያህል ክፍተት ከፈተችው።

«ምን ፈለግህ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ አበልጄ።»

«አበልጄ አትበለኝ።» ልጇን ክርስትና ያነሣላት እሱ ነበር። «ነገም እንዳትመጣ ብዬ ልኬብህ ነበር። አልነገሩህም?»

«ነግረውኛል። አልመጣም። ዋስካ ከመነሣቱ በፊት ስለ ሪባን ያለሽ ነገር አለ?»

ፊቷን አጠቆረች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን እንደተከሉ ኤፊም ታውቆታል። ወጣ ብላ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፤ ክንዶቿ እስከ ክርኗ ድረስ በስብ ነጥተዋል።

«ማታውን ሜዳ ወርዶ አይቶ መጣ። ሪባኑ ተፈቷል፣ ቤንዚኔ ተመልሷል፣ እግዜር ይስጠው አለ። በቃ። ማን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ? ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ጠዋትስ ሰልባትዮውን ከሥር አፍስሶ አይቷል?»

«አንተም እንደዚያች ሴትዮ?» ድምፏ ከፍ አለ። «ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አፍስሷል ብላት አላመነችኝም። ጠጥቶ ነበር ወይ አለችኝ! ዋስካ ሳያፈስ ተነሥቶ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ ወርዶ አፍስሷል፤ ያቺን ቤንዚኑን የሚፈትሽባትን የመስታወት ብልቃጥ ይዞ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ምንም አልወጣም አለኝ። ከዚያ ፀሐይ እስክትወጣ ሻይ ጠጣ፤ ሄደ። ደግሞ ዝርክርክ ነበር ብላ ልትጽፍ ነው አሉ። ልጄ አድጋ ይህንን ታንብብ? ይኸው ነው የቀረላት?»

ኤፊም አሁን ገባው። ያን ለት ሌሊቱን ሁሉ ነገር በርዶ አድሮ ነበር። ከሰልባትዮው ወለል የነበረው ውሃ ግግር ሆኖ ማፍሰሻውን ደፍኖታል፤ ምንም አልወጣም ያለው ለዚያ ነው። ኋላ ፀሐይዋ ክንፉን ስትመታው ቀለጠ። ዋስካ አልተዘናጋም፤ ቸኩሎም አልነበረም።

«ዝርክርክ አልነበረም» አላት።

«ከአንተ አፍ አልፈልገውም። ባሌን ቀብሬ እንኳ እንጨቴን የሚፈልጥልኝ፣ ሥጋ የሚያመጣልኝ ስቴፓን ነው። አንተ ምን አመጣህልኝ?»

በሩ ተዘጋ። የእንጆሪው መምቻ ድምፅ ወዲያው ቀጠለ።

በኩልቪክ ሕፃን እንኳ የቤንዚን በርሜል አያቆምም። የቆመ በርሜል ክዳኑ ላይ ዝናብ ያቁራል፤ ቀን ሙቀት ሲሆን ይነፋል፣ ማታ ሲበርድ ይኮማተርና ያቆረውን ውሃ በክዳኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ሰው በርሜሉን ያጋድማል። ኤፊም ይህን ሕግ የሚጥስ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በጋውን ሙሉ በዚያ ባለፈ ቁጥር አንድ ሰነፍ በርሜል ቆሞ አይቷል፤ አይቶም በሆዱ ስቋል። እግሩ ሳይጠይቀው ወደዚያው ወሰደው።

በርሜሉ ከስቴፓን ዓሣ ማጨሻ ቤት ኋላ ዛሬም ቆሟል። በረዶውን ጠረገለት። ክዳኑ ላይ የወጭት ክዳን የሚያህል ግግር ተኝቷል፤ በጣት ሲፋቅ ቡኒ ነው። አጠገቡ ሾጣጣው መቅጃ ተወርውሯል፤ የቆዳ ማጣሪያ የለበትም።

ከማጨሻው ቤት ቀጥሎ የስቴፓን የእንፋሎት ቤት ጭስ ይወጣዋል። ኤፊም ልብሱን በረንዳው ላይ አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከስቴፓን ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ማን እንደገባ ሲለዩ ፎጣቸውን አንሥተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ።

«ቤት ተሳስተሃል» አለ ስቴፓን።

«ከእንፋሎት ቤት ሰው አይባረርም።»

«አይባረርም። በገዛ እግሩ ነው የሚወጣው።» ጭልፋውን ሞልቶ የጋለው ድንጋይ ላይ ደፋው። እንፋሎቱ ፉጨት እያሰማ ተነሣ፤ የኤፊምን ጆሮ ለበለበው።

«በርሜልህ ቆሟል» አለ ኤፊም።

«ታዲያ ወንበር ላምጣለት?»

«በጋውን ሙሉ ቆሞ ነው የከረመው። ክዳኑ ላይ የዛገ በረዶ አለ። ከዋስካ ክንፍ የቀዳኸው አንተ ነህ?»

ሌላ ጭልፋ ድንጋዩ ላይ ወረደ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ከመተንፈስ በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም።

«ብቀዳስ?» አለ ስቴፓን በመጨረሻ። «ሃያ ጋሎን ወሰድኩ፣ ሃያ ጋሎን መለስኩ። ሪባኔን ፈታሁ። የሰው ሐቅ አልበላሁም!»

«በማጣሪያ ነው?»

«አንተ ማነህና ነው የምትመረምረኝ? ሴትዮዋ ሹመት ሰጠችህ?»

«ስቴፓን፣ በማጣሪያ ነው የቀዳኸው?»

ስቴፓን ጭልፋውን ጣለው። ላብ ይሁን እንባ በማይለይ ነገር ፊቱ ራሷል። «ማጣሪያዬ ተቀዶ ነበር! ለዚያ ብዬ አይደለም ወይ ጋራዥህን ግማሽ ሰዓት የደበደብኩት? ማጣሪያ አውሰኝ እያልኩ ጮህኩ፤ የለህም! ዋስካ ደግሞ ጠዋት ይነሣል። ሳይመለስለት እንዲነሣ ልተወው? ቀዳሁለት። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ያለ ማጣሪያ ቀዳሁ። እስከ ዛሬ ስንቴ ቀድተናል? ስንቴ ምን ሆነ?»

ሙቀቱ ከኤፊም ቆዳ አልፎ አጥንቱ ውስጥ የገባ መሰለው።

ያን ማታ ጋራዡ ውስጥ ነበር። ደረቅ ዓሣ እየቀደደ፣ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ጡጫው በሩን ሲመታው የስቴፓን እንደሆነ ገና ሳይጮህ አውቆታል። ስቴፓን በሐምሌ መሰርሰሪያውን ወስዶ ሰብሮ መልሶለታል፤ በነሐሴ መሰላሉን ወስዶ ጭራሽ አልመለሰም። ይሄ ደግሞ ዛሬ ምን ሊወስድ ነው አለና ሬዲዮውን ቀነሰ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ጡጫው ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ ዓሣውን በጨለማ እያኘከ ተቀመጠ። ሁለት እርምጃ ከራሱ ወዲያ፣ ግድግዳው ላይ፣ አራት የቆዳ ማጣሪያ ተሰቅሎ ነበር። ያን ማታ ውስጥ እንደ ነበር የሚያውቅ በዓለም ላይ ሌላ ሰው የለም።

«ምን ሆንክ? ምላስህ ተቃጠለ?» አለ ስቴፓን። «ወንድሙን የገደለው ስቴፓን ነው ብለህ ልታስወራ ነው?»

«ራስህ ንገራት። እስከ ጠዋት ጊዜ አለህ። ዋስካን ዝርክርክ ነበር ብላ ትጽፈዋለች፤ ወንድምህን።»

«ባልነግራትስ?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«ንገራት! ለመንግሥት መንደርህን ሽጥ! ከዚያ የናስታሲያን እንጨት አንተ ፍለጥ፣ አጋዘኑንም አንተ ግደልላት። ልጅቷንም ጭንህ ላይ አስቀምጠህ አጎትሽ አባትሽን ገደለ ብለህ ተረት ንገራት!»

ሁለት ጭልፋ፣ ከዚያ ሦስተኛ ደፋ። ቀድሞ የወጣው ኤፊም ነው። በረንዳው ላይ እርቃኑን ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ከውስጥ የስቴፓን ለቅሶ ተሰማው፤ ደረቅ፣ እንደ ሳል ያለ ለቅሶ ነው። አንጀቱን አልበላውም። አርባ ቀን ሙሉ በኔ ላይ ሲጮህ የከረመው ይህን የገዛ ለቅሶውን ላለመስማት ኖሯል አለና ሱሪውን አጠለቀ።

ጠዋት ስቴፓን ወደ ሎሬይን ፔክ አልሄደም። ኤፊም ሴትዮዋ ካደረችበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ አንድ ሰዓት ጠበቀው። ከዚያ ገባ። ሴትዮዋ በተማሪዎቹ የኳስ አዳራሽ ወለል ላይ የመኝታ ከረጢቷን ትጠቀልል ነበር። ሪባኑን፣ የቆመውን በርሜል፣ በውርጭ የተደፈነውን ማፍሰሻ ሁሉንም ነገራት። የስቴፓንንም ስም ጠራ።

«አርባ ቀን ይህን ይዘህ ተቀምጠሃል?» አለች፤ በጥፊ የምትመታው ያህል ቀረበችው። «ትናንት ስጠይቅህስ? ሁለት ሰዓት ቀርቶኛል!»

«ትናንት ድረስ ውሃ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ አውቀሃል። ተነሥ፣ ምራኝ።»

ስቴፓን ከማጨሻው ቤት ፊት ለፊት የናስታሲያን እንጨት እየፈለጠ ነበር። ሲያያቸው መጥረቢያውን አላስቀመጠም። ሎሬይን አልፋው ሄደች፤ ክዳኑን ከፍታ ረጅሙን ዘንግ በቅባት ነክራ እስከ ታች ሰደደችው። ሲወጣ ጫፉ ከአንድ ጣት በላይ ቀይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጃፉ ወጥቷል። ናስታሲያም ለቤተ ክርስቲያን እንደለበሰች፣ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች መጣች።

«የማን በርሜል ነው?» አለች ሎሬይን።

«የኔ ነው!» ስቴፓን መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለው። «የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የቀዳሁለት፣ ጻፊ! በትልቁ ጻፊው! ወንድሜን በአርባው ቀን ድጋሚ ቅበሩት፣ ከዚያ ደስ ይበላችሁ!» ወደ ኤፊም ዞረና በእግሩ ሥር ምራቁን ተፋ። «ይሁዳ።»

ከደጃፎቹ የሚያዩት ሰዎች ስቴፓንን ሳይሆን ኤፊምን ነበር የሚያዩት፤ መንግሥት ፊት አፉን የከፈተው እሱ ነውና። ናስታሲያ ግን ዓይኗን ከቀዩ ዘንግ አላነሣችም።

«ዋስካስ?» አለች። «ስለ ዋስካ ምን ትጽፊያለሽ?»

ሎሬይን ዘንጉን በጨርቅ ጠረገች። «ጠዋት አፍስሶ አይቷል፤ ማፍሰሻው በበረዶ ተደፍኖ ነበር። ጥፋት የለበትም። እንደዚያ ነው የምጽፈው።»

ናስታሲያ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ስቴፓን ሄዳ ከፊቱ ቆመች፤ ትመታኛለች ብሎ ይሁን ምን፣ አንገቱን ደፋ። አልመታችውም። «የፈለጥከውን አስገባና ልብስህን ቀይር፤ ቄሱ እየጠበቁ ነው» አለችው፤ ድምፏ ከበረዶው ይቀዘቅዛል። ስቴፓን ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የፖስታው አውሮፕላን ድምፅ ከወንዙ ማዶ መጣ። ሎሬይን የኤፊምን ቃል ትምህርት ቤት እያሉ ጽፋው ነበር፤ ወረቀቱን ከነመደገፊያው በርሜሉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያልከው ሁሉ አለ። አንብበህ ፈርም። በአንተ በኩል ያለው ፋይል ዛሬ ይዘጋል፤ ፈቃድህን የሚነካው የለም።»

ኤፊም ብዕሩን ተቀበለ። እጁ በብርዱ ደንዝዟል። ንባቡን ጨርሶ ቀና ሲል ናስታሲያ ከበርሜሉ ወዲያ ማዶ ቆማለች።

«በድዬሃለሁ» አለችው። በግድ የወጣ ቃል ነው፤ ሰውም እየሰማ ነው። «ፍትሐቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ቤት ና። ቦታህ ከልጄ አጠገብ ነው፣ አበልጄ።»

አርባ ቀን ሲመኘው የከረመው ቃል ይኸው ነው። አሁን ያለው ሥራ አንድ ፊርማ ነው፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከልጅቷ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሾርባውን ይበላል። ስቴፓን የትም አይቀመጥም። ለስቴፓን ቦታ የሚሰጥ ሰው ከዛሬ ወዲያ በኩልቪክ አይኖርም። ኤፊም ይህን ሲያስብ መጀመሪያ ደስ አለው፤ አልዋሸም፣ ከልቡ ደስ አለው። ቀጥሎ ግን ያ በጨለማ ያኘከው ደረቅ ዓሣ አፉ ውስጥ የተመለሰ መሰለው።

አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ አረፈ። «ቶሎ በል» አለች ሎሬይን።

ኤፊም ብዕሩን ከፊርማው ቦታ በላይ፣ ባዶ ወደ ቀረችው መስመር ወሰደ። ቀስ ብሎ፣ ፊደሎቹን እያስተካከለ ጻፈ። ሎሬይን በትከሻው ላይ አጎንብሳ አነበበች።

«ይህ ለምርመራው አያስፈልግም» አለች በለሆሳስ። «በር አለመክፈት የአደጋ መንስኤ ተብሎ አይመዘገብም። ልሰርዝልህ እችላለሁ።»

«አትሰርዢው።»

ፈረመበት። ወረቀቱን አንሥቶ ሰጣት፤ ናስታሲያ እዚያው ቆማለች፣ ስቴፓንም ከእንጨቱ ክምር አጠገብ እንደ ደረቀ ነው።

«ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው» አለ ኤፊም። «የመጨረሻዋን መስመር።»